ከቪፒኤን ውጭ የተደረገው የባንክ አፕ አሁንም አያስገባም፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ስልኩ አንድሮይድ 13፣ ቪፒኤኑ (ኔቱን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፈው) ዋየርጋርድ የሚባለው አፕ፣ ኔቱ ለገጣፎ ላይ የሞባይል ዳታ ነው። የቢሮ ሥራ በቱነሉ (በቪፒኤኑ መስመር) መሄድ አለበት፤ የባንኩ አፕ ግን የውጭ አገር አይፒ (የኔት አድራሻ) ካየ አይከፍትም።

የባንኩን አፕ በዋየርጋርድ የቱነል ማስተካከያ ውስጥ ከቱነሉ ውጭ እንዲሆን መርጬ፣ ቱነሉን አጥፍቼ አበራሁ። ያኔ አፑ ጭራሽ ኔት አጣ። ምክንያቱ የስልኩ የቪፒኤን ሴቲንግ ነው፦ ያለ ቪፒኤን የሚደረግ ግንኙነትን የሚያግደው ማብሪያ ከበራ፣ ከቱነሉ የወጣ አፕ ሁሉ ይዘጋል። እሱ ሲጠፋ ዋናው ገጽ መጣ።

የቀረው መግቢያው ነው። የይለፍ ቃል ገጹ በአፑ ውስጥ የሚታይ ቢመስልም የሚከፈተው በክሮም ነው፤ ክሮም ደግሞ ቱነሉ ውስጥ ነው ያለው። አፑ በአንድ አይፒ፣ ገጹ በሌላ ስለሚሄዱ ይመስለኛል፣ ወዲያው «ጊዜው አልፏል» ይላል። ክሮምን እንዳላስወጣ የቢሮው ገጽ በእሱ ነው የሚሠራው። የተወሰኑ አይፒዎችን ብቻ በቱነሉ መላክም አያዋጣም፤ የቢሮው አገልግሎት አድራሻ ይለዋወጣል።

እባካችሁ፣ ፋየርፎክስን ዋና ብሮውዘር አድርጌ ከቱነሉ ባስወጣው የባንኩ ገጽ በእሱ ይከፈታል ወይስ አፑ ክሮምን ለይቶ ይጠራል? የሥራ ፕሮፋይል (ስልኩ ላይ ለሥራ አፖች ብቻ የሚለይ ክፍል) ከፍቶ ዋየርጋርድንና የቢሮውን ብሮውዘር እዚያ ብቻ የጫነስ አለ? አፑ ራሱ ስልኩ ላይ ቪፒኤን መኖሩን የሚፈትሽ ከሆነ ማስወጣቱ ብቻውን አይበቃም፤ ይህንን ከአይፒው ችግር በምን ልለየው?