ለማን ነው ሚሮጡት? የ24 ሰዓቱ ውድድር እና የኛ መኪና

ባና_ለባሹ (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ቤቶች፣ ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። ፈረንሳይ ሀገር ሰኔ ላይ ሚደረገው የለማን 24 ሰዓት የመኪና ውድድር አለ አይደል፣ ቅዳሜ በኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ተጀምሮ እሁድ 11 ሰዓት ሚያልቀው፣ እሱን ባና ተከናንቤ በስልክ ሳይ አደርኩ፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ። እናቴ ሌሊት ተነስታ "ምንድነው ምታየው?" አለችኝ። "ለማን" አልኳት። "እኮ ለማን ብለህ ነው እንቅልፍህን ምታጣው?" ብላኝ ገባች 😂

ጠዋት ታላቅ ወንድሜ ደግሞ በሌላ መጣ። እነ ፌራሪና ቶዮታ እዛ ሚያፈሱት ብር ለማስታወቂያ ነው፣ አንተ ምትነዳው ቪትዝ ከዛ ያገኘው አንዲት ብሎን የለም አለኝ። አለ ብዬ ድርቅ አልኩ ግን ጥቀስ ሲለኝ ዝም። እና እውነት ከዛ ወደ መንገድ መኪና የመጣ ነገር አለ ወይስ የሱቁን መኪና ወስደው ነው ሚያሯሩጡት? ፖርሽ 911 እዛም አለ ሱቅም አለ፣ እሱ ነው ግራ ያጋባኝ

ታምቡር_ፈቺ
ወንድምህ ግማሹን ልክ ነው። እዛ የተለያየ ምድብ አንድ ላይ ነው ሚሮጠው። ላይኛው ሃይፐርካር ሚባለው ከመነሻው ለውድድር ተብሎ የተሰራ ነው፣ በ2023፣ 2024 እና 2025 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጠራልህ) ያሸነፈውን ፌራሪ 499ፒ ገዝተህ ገበያ ምትሄድበት አይደለም። የቶዮታው ባለ 3.5 ሊትር ቪ6 ሆኖ ሁለት ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር ሚያስገባ) አለው፣ የፊት ጎማውን ደሞ ኤሌክትሪክ ሞተር ያግዘዋል፣ ጉልበቱ በህግ 500 ኪሎዋት አካባቢ ላይ ተገድቧል። (አስቶን ማርቲን ቫልኪሪ ብቻ ለየት ይላል፣ እሱ ከመንገድ መኪና ነው የመጣው፣ ሚያግዘው ኤሌክትሪክ ሞተርም የለውም፣ 6.5 ሊትር ቪ12 ብቻ። ድምጹን ከሰማህ በኋላ ሌላውን መስማት አትፈልግም።) ከ2024 ጀምሮ ታች ያለው ምድብ ጂቲ3 ነው፣ ያንተ 911፣ እነ ኮርቬት፣ ሙስታንግ፣ ቢኤምደብሊው ኤም4 እዛ ናቸው። እነሱ ከሱቁ መኪና ተነስተው ነው ሚሰሩት፣ ውስጡን አራቁተው የብረት አጥር ያስገቡበታል።

ለወንድምህ ግን አንድ ነገር ብቻ ንገረው፣ የቪትዙን የፊት ጎማ ፍታና ዲስኩን አሳየው። በ1953 ጃጓር ሲ ታይፕ በዲስክ ፍሬን ለማንን አሸነፈ፣ ሌሎቹ በታምቡር ነበሩ። ታምቡር ሙቀቱን እዛው አፍኖ ይይዘዋል፣ ሲግል ሸራው መያዝ ያቅተዋል፣ ስለዚህ እነሱ ከሩቅ ጀምረው ፍሬን ሲረግጡ ጃጓሩ መታጠፊያው አፍ ድረስ ይሄድባቸዋል። በ1955 ሲትሮየን ዲኤስ የፊት ዲስክ ይዞ ለህዝብ ወጣ። ኦዲም በ2001 ነዳጅ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ሚረጭ ሞተር ይዞ አሸንፏል፣ በ2006 ደግሞ በናፍጣ! ናፍጣ የሲኖ ነው ለምትሉ

ማርሽ_አንድ
ኧረ ባካችሁ አታጋኑ። ዲስክ ፍሬን ከዛ በፊት አውሮፕላን ላይ ነበር፣ ለማን ፈተነው በሉ እንጂ ወለደው አትበሉ። ማዝዳስ? በ1991 ባለ 4 ሮተር (በፒስተን ፈንታ ሚሽከረከር) ሞተር ያለው 787ቢ ይዞ አሸነፈ፣ ከጃፓን የመጀመሪያው ነው፣ ያ ሞተር ታዲያ ሱቅ ገባ? አልገባም። ሚጠቅማቸውን ያወርዳሉ ሌላው ለፖስተር ነው፣ የልጁ ወንድም አልተሳሳተም

የጣርማበር_ሹፌር
ልጆች ሳነባችሁ ነበር ዝም ብዬ። እኔ እንግሊዝኛውን ብዙም አልሰማም ግን የ2016ቱን ከልጄ ጋር አይቼዋለሁ። ቶዮታ 23 ሰዓት ከምናምን ሮጦ እየመራ፣ ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው መኪናው ጉልበት አጣና መጨረሻው መስመር ፊት ቆመ፣ ፖርሽ አልፎት ሄዶ ዋንጫውን በላ። ልጄ ሞተሩ ተቃጠለ አለኝ፣ እኔ ጎትቶ ጎትቶ ጉልበቱ ሲሞት ሳየው ይሄ የአየር ነው አልኩት። በኋላ ፋብሪካው ሲናገር ከቱርቦ ወደ ኢንተርኩለር (አየሩን ወደሚያቀዘቅዘው) ሚሄደው የአየር መስመር መጋጠሚያ ነው አለ። ይሄ እኔን ጭነት ይዤ ዳገቱን ስወጣ ደርሶብኛል፣ ሆዙ ፏ ብሎ ተነቀለ፣ ጥቁር ጭስ ብቻ፣ መኪናው እንደ አህያ ቆመ። ረዳቴ የጎማ ከመነዳሪ ቆርጦ በሽቦ አሰረልኝና ደብረ ብርሃን ገባን። ቶዮታ ግን ረዳት አልነበረውም።

ማርሽ አንድ ላልከው፣ አንተ ከጣርማበር ዋሻ ወጥተህ በጉም ቁልቁል ወርደህ ታውቃለህ? ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስተህ ሸዋሮቢት ስትደርስ 1,300 አካባቢ ነህ። ፍሬን ላይ ተኝተህ ከወረድክ ደብረ ሲና ቆሎ ሳትገዛ የሸራው ሽታ ይቀድምሃል። በማርሽ ነው ሚወረደው። እዛም ሰዎቹ ከ300 በላይ እየበረሩ መጥተው ነው ፍሬን ሚረግጡት፣ 24 ሰዓት ሙሉ። የነሱን ብር ለምን አወጡት ለሚለው አላውቅም፣ ፍሬኑን ግን አመሰግናለሁ

ባና_ለባሹ
ጋሼ አንጀቴን አራሱኝ 🙏 አንድ ጥያቄ ልጨምር፣ ቱርቦ የሌለው የሱቁ 911 ጂቲ3 እኛ ጋ ቢመጣ ያው ይሮጣል?

ታምቡር_ፈቺ
አይሮጥም። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል፣ 9,000 ዙር ይጮህልሃል ግን ባዶ ጩኸት። ቱርቦ ያለው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ብዙም አይሰማውም። ያንተ ቪትዝም ዳገት ላይ ሚያለቅሰው ለዛ ነው

ባና_ለባሹ
እሺ 😅 ወንድሜን ጠርቼ ጎማውን ፈታንለት፣ ዲስኩን አየ፣ "ይሄስ እሺ" ብሎ ቦኔቱን ከፈተና የፍሬን ዘይቱን አሳየኝ፣ ጠላ መስሏል። ነገ ሸዋሮቢት ልወርድበት ነበር

የጣርማበር_ሹፌር
ልጄ እንዳትንቀሳቀስ! ውሃ የገባበት ዘይት እኮ ፍሬኑ ሲግል ቶሎ ይፈላል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካልሃል። ቀይረው፣ አየሩንም አስወጣ፣ ከዛ ውረድ

ታምቡር_ፈቺ
ጠዋት አምጣው፣ 2 ሰዓት ላይ ጋራዥ አለሁ። ወንድምህንም ይዘኸው ና ፔዳል ይረግጥልናል