ኪዮቶ ውስጥ ጌይሻ ለማየት፣ ያለ አስተዋዋቂ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ኤፕሪል ላይ ጃፓን፣ ኪዮቶ 3 ቀን አለኝ፤ ጌይሻ፣ ማለትም በዳንስና በሙዚቃ እንግዳ የምታስተናግድ ባለሙያ ሴት፣ ማየት እፈልጋለሁ። ጊዮን ሰፈር ካሉት ሻይ ቤቶች አንዱ ጋ ደውዬ ቦታ መያዝ እችላለሁ? ወይስ መንገድ ላይ ጠብቄ ፎቶ ባነሳ ይሻላል?

መልስ 1፦ ደውለህ አይሆንም። ኦቻያ የሚባሉት እነዚህ ሻይ ቤቶች የቆየ ደንበኛ ካላስተዋወቀህ አያስገቡም። ሂሳቡ በኋላ ስለሚላክ ዋስ ይፈልጋሉ፤ ኩራት ብቻ አይደለም። ግን ወሩን በደንብ መርጠሃል፦ ከ1872 ጀምሮ ያለው ሚያኮ ኦዶሪ የተባለው የዳንስ ትርኢት ኤፕሪልን ሙሉ ጊዮን ኮቡ ካቡሬንጆ በተባለው ቲያትር ቤት ይታያል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሻይ ያለበትን ትኬት ግዛ። ከትርኢቱ በፊት ጌይኮ (ኪዮቶ ውስጥ ጌይሻ የምትጠራበት ስም) ማቻ የተባለውን የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት በውሃ ስትበጠብጥ በቅርብ ታያለህ፤ ጣፋጩ የቀረበበትን ትንሽ ሳህንም ይዘህ መሄድ ትችላለህ።

መልስ 2፦ ፎቶውን እርሳው። በጊዮን የግል መንገዶች ላይ ማንሳት ክልክል ነው፤ 10,000 የን ያስቀጣል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከ2024 ወዲህ አንዳንዶቹ መተላለፊያዎች ለቱሪስት ዝግ ናቸው፣ ዋናው ሀናሚኮጂ ግን ክፍት ነው። ደግሞ ቀን በፀሐይ ቆማ ፎቶ የምትነሳዋ አብዛኛውን ጊዜ የጌይሻ ዓይነት ልብስ የተከራየች ቱሪስት ናት። እውነተኛዎቹ ወደ ማታ 12 ሰዓት ግድም ወደ ሥራ ሲጣደፉ ነው የሚታዩት፤ መንገድ አትዝጋባቸው።

መልስ 3፦ ለመለየት፦ ሠልጣኟ ማይኮ የራሷን ፀጉር ትሠራለች፣ መቀነቷም ከኋላ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይንጠለጠላል። ጌይኮ ዊግ ታደርጋለች፤ መቀነቷ አጠር ብሎ ይታሰራል።