ለአገራዊ ምክክር ኮሚሽን የሚላከው የጋራ ሐሳብ፦ ረቂቅ 3

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 3 ተለጥፏል። ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል ከተባለ የአርቃቂዎቹ ስብሰባ ከመጀመሪያው ቀን በቀጥታ ይተላለፍ ነው የምንለው። አንቀጽ 104 ሕዝቡን የሚጠራው ሐሳቡ የምክር ቤቶቹን ድጋፍ ካገኘ በኋላ ነው። ያኔ ምን ሊቀረው! አስተያየት እስከ ዓርብ።

የሕግ ንዑስ ኮሚቴ፦ ካሜራ ባለበት ማን ይደራደራል? ሁሉም ለደጋፊው ነው የሚያወራው። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1787 ፊላደልፊያ ላይ በር ዘግተው፣ ዘበኛ አቁመው ነው ሕገ መንግሥታቸውን አርቅቀው የጨረሱት። ትናንት ያለውን ዛሬ የቀየረ ሰው አላፈረም።

የወጣቶች ተጠሪ፦ እዚያ ተሰብሳቢ ሆኖ ውይይቱን የመዘገበው የማዲሰን ማስታወሻ የታተመው እኮ እ.ኤ.አ. በ1840 ነው፣ ሰውዬው ከሞተ በኋላ! ልጆቻችን ያነቡታል ብለን እንቀመጥ? ደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥቷን ስታረቅቅ ከሕዝቡ ወደ 2 ሚሊዮን አስተያየት ሰብስባ አልፈረሰችም።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ የደርጉም ረቂቅ በየቀበሌው ለውይይት ቀርቧል። ነበርኩ። ተነስቶ የገዢውን ፓርቲ የኢሠፓን መሪነት የነካ ግን አላየሁም።

ገንዘብ ያዥ፦ ሽፋኑ ላይ ማኅተም ያረፈው በማን ፈቃድ ነው?

ጸሐፊ፦ ለማሳያ ነው፣ ከድሮ ደብዳቤ የተወሰደ።

ገንዘብ ያዥ፦ የማሳያ ማኅተም የሚባል ነገር የለም። ባለፈው እንዲሁ ደብዳቤ ወጥቶ የአዳራሹን ኪራይ ማን እንደከፈለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

የወጣቶች ተጠሪ፦ ማኅተሙስ ለምን እርስዎ ቤት ያድራል?

ገንዘብ ያዥ፦ ሌባ ነህ ነው? በል ጨርሰው።

ጸሐፊ፦ ኧረ በፈጠራችሁ! ማኅተሙን አንስቻለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ብታነሳውስ፣ ስንት ሰው ጋ ደርሷል?

የሕግ ንዑስ ኮሚቴ፦ ይሄን በኮሚቴው ግሩፕ ጨርሱት።

የወጣቶች ተጠሪ፦ ለምን በኮሚቴ? ገንዘቡ የሁላችን ነው።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ አንተ ልጅ፣ ታላቅህን አክብር። አንተም ይቅር በለው፣ ማኅተሙ ቢሮ ይግባ።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ ጋሼ። በደረሰኝ ነው የማስረክበው።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 4። ለሁለቱም ወገን ስል ቀጥታ ስርጭቱን አውጥቼዋለሁ። ድርድሩ ዝግ ይሁን፣ ቃለ ጉባኤው በየወሩ ይውጣ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀው ጉባኤ ቃለ ጉባኤም ኢንተርኔት ላይ ይጫን የሚል ጨምሬያለሁ።

የወጣቶች ተጠሪ፦ የተነሳንበት እኮ ስርጭቱ ነበር!

የሕግ ንዑስ ኮሚቴ፦ እኔ በየወሩም አልስማማም፣ ሲያልቅ ይውጣ። ደግሞ ቃለ ጉባኤውን እኛው ስካን እናደርጋለን ተብሎ አልነበር? ቃል የገባው ልጅ የት ገባ?

ጸሐፊ፦ ስልክ አያነሳም። ጥራዞቹን ከሰው ተውሻለሁ፣ ኮፒ ቤት በገጽ ነው የሚያስከፍለው።

ገንዘብ ያዥ፦ ለስካን የተያዘ በጀት የለም።