ስልጠና ላይ ያለች ልጄ እግሯን አሟታል፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከሚኒሶታ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የ19 ዓመት ልጄ ለአሜሪካ ጦር ተመዝግባ ስልጠና ከገባች አምስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። እሑድ ስልክ ተፈቅዶላት ደወለችና «እማዬ፣ ቅልጥሜን ያመኛል፤ ግን ለማንም አልተናገርኩም» አለችኝ። ምኑ ጋ እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቃት ጊዜዋ አለቀ። ክሊኒካቸው ስደውል ለአካለ መጠን ስለደረሰች ያለ ፈቃዷ ምንም አንነግርሽም ተባልኩ። አባቷ «ወታደርነት ይኸው ነው፤ ትችለዋለች» ብሎ ተኝቷል። እኔ ምጣድ ላይ የጣልኩትን እንጀራ እየረሳሁ አሳርራለሁ። በዚህ ያለፈ ካለ ይምከረኝ።

መልስ፦

እህቴ፣ አባቷ ያለውን እኔም ብዬ ስለነበር ነው የምጽፍልሽ።

ልጄ ደቡብ ካሮላይና ሲሠለጥን እግሩን እንዳመመው በደብዳቤ ነገረኝ። «ቻለው፤ አያትህ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮርያ የዘመተ ሰው ነው» ብዬ መለስኩለት። ልጁ ቃሌን አክብሮ ቻለው። ሲያነክስ እንዳይታይ ማለዳ ከሁሉም ቀድሞ ተነሥቶ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቅልጥሙን በሁለት እጁ እያሸ ቦት ጫማውን ያጠልቅ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሮጠ። ሸክም ይዘው ረጅም ጉዞ በሚሄዱበት ቀን ወደቀ። ፀጉር ያህል የነበረው ስንጥቅ ሰፍቶ ነበር። እናቴ ከደብረ ማርቆስ ደውላ «እዚያ አገር ወጌሻ የለም ወይ?» ስትለኝ ሳቄና ልቅሶዬ አንድ ላይ መጡ።

ነገሩ ይህ ነው። አጥንት ያልለመደው ሩጫና ሸክም በየቀኑ ሲደራረብበት ራሱን የሚጠግንበት ጊዜ ያጣና ይሰነጠቃል። ቶሎ ከታረፈ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይድናል። መጀመሪያ ላይ ራጅ ላያሳየው ይችላል፤ «ራጁ ደህና ነው» ተብላ ሕመሙ ካልለቀቃት ተመልሳ ትሂድ፣ ኤምአርአይም ትጠይቅ። ብሽሽቷን የሚያማት ከሆነ ግን አንድ ቀን ማሳደር የለባትም። የታፋ አጥንት አንገት ላይ የሚወጣው ስንጥቅ እስከ ቀዶ ሕክምና ያደርሳል።

ልጆቹ የሚደብቁት ከጓደኞቻቸው ተነጥለው ወደ ኋላ መቅረትን ስለሚፈሩ ነው። የተጎዱት አገግመው ስልጠናቸውን የሚቀጥሉበት ክፍል አለ፤ ልጄ እዚያ ሦስት ወር ቆይቶ በኋላ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ተመረቀ። ደስታችን ግን አልቀነሰም።

ሌላ ልጠይቅሽ፤ ትጾማለች? የእኔው ፍልሰታን ወተት ሳይቀምስ ነበር የሚሮጠው፤ ስለ ጾሙ ለሐኪሙም አልነገረውም። የሚኒሶታን ክረምት ጨምሪበት፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ከፀሐይ በቂ ቫይታሚን ዲ ለማግኘት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የወጣ አንድ ጥናት ከ5,000 በላይ የባሕር ኃይል ሴት ምልምሎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ወገን ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ሰጥቶ ነበር። በእነርሱ ላይ ስንጥቁ በ20 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። አንቺ ግን እንክብል በፖስታ እንዳትልኪላት፤ ይወስዱባታል። በሶውንም ተይው። ከሐኪሙ ትጠይቅ።

የሕክምናዋን ሁኔታ እንዲነግሩሽ ከፈለግሽ የፈቃድ ወረቀቱን የምትፈርመው እርሷ ናት፤ በደብዳቤሽ ጠይቂያት። ቀይ መስቀል ደውዪ የሚሉሽ ይኖራሉ፤ እርሱ ቤተሰብ ላይ ከባድ ሕመም ወይም ሞት ሲደርስ ለወታደሩ መልእክት ማድረሻ ነው፤ ለአንቺ ጉዳይ አይሆንም። ዝምታው ከበዛብሽ የክፍሏን የጦር ቄስ ፈልጊ። እኔን ያሳረፈኝ እርሱ ነው፤ ሃይማኖቴንም አልጠየቀኝም።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። የምትጾመው ረቡዕና ዓርብ ነው፤ ቁርስም እንደማትወድ ትዝ አለኝ። ደብዳቤውን ትናንት ማታ ጽፌ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ነበር። ጠዋት ስነሣ ከግርጌው በአባቷ እጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨምሮበታል፦ «ይህ እንደደረሰሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ።»