የአጻጻፍ ስልት ባለቤት አለው ወይ?

ጠያቂው (ደብረ ማርቆስ)፦ ሰባት ዓመት የለፋሁበት የልብ ወለድ ረቂቅ አለኝ። ቅዳሜ ዕለት ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ አንድ ልብ ወለድ ገዛሁ፤ ስሙን አልጠራም፣ ደራሲው ምንም አላጠፋም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ላብ አጠመቀኝ። ታሪኩ ሌላ ነው፤ አነጋገሩ ግን የኔ! የኔ «ዝናቡ መጣ፤ ከጮቄ መጣ፤ ሳንጠራው መጣ» ብሎ ይጀምራል። እሱም ግሱን እንዲሁ እየደጋገመ ነው የሚሄደው። ገጽ 40 ላይ አቆምኩ። ረቂቄን እንዳለ ላሳትመው ወይስ ልለውጠው?

ከቡሬ፦ ለውጠው። «ኮረጀ» የሚል አንድ ሰው ከተነሣ በኋላ ብትምልም የሚሰማህ የለም።

የሕግ ተማሪዋ (ባሕር ዳር)፦ የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ የሚጠብቀው የተጻፈውን ሥራ እንጂ ሐሳብን ወይም ዘዴን አይደለም። እስካልገለበጥክ ድረስ ምን አስፈራህ?

ከቡሬ፦ እኔ የማወራው ስለ ሐሜት ነው እህቴ። ሐሜት አዋጅ አያነብም።

የቀድሞ የቅኔ ተማሪ (ደጀን)፦ ልጆች፣ ዋሸራና ጎንጅ የሚባሉት የቅኔ ትምህርት ቤቶች ሁለቱም እዚሁ ጎጃም ናቸው፤ የቅኔ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። ዐዋቂ ሰምቶ «ይሄ የዋሸራ ነው» ይላል። ታዲያ የዋሸራን ልጅ ሌባ ያለው አለ? ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት (ስንኝ)፣ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ ልኩ የሁሉም ነው። ነውሩ የሌላውን ቅኔ እንደራስ ማለት ነው። እኔ አንድ ጊዜ የሰማሁትን ቃል ለዋውጬ ባቀርብ፣ የኔታ «ይህ ካባ ሰፍቶሃል፤ የማን ነው?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል። ደግሞ እኮ እኛ ቅኔ «ዘረፈ» የምንለው ከራሱ ላፈለቀው ሰው ነው!

ከፍኖተ ሰላም፦ በ1958 የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ከማንበባችን በፊት በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰማን ስንት ነን? እናቶቻችንስ ለቅሶ ላይ «ሄደ፤ ሳይበላ ሄደ» እያሉ አይደል የሚያወርዱት? ሁለታችሁም እዚያው ተምራችሁት ይሆናል። ሰውዬው የየት አገር ሰው ነው?

ጠያቂው፦ የመጽሐፉ ጀርባ የደምበጫ ተወላጅ ነው ይላል።

ከፍኖተ ሰላም፦ በል እንግዲህ!

ከቡሬ፦ ቢሆንም መክፈቻዋን ለውጣት።

የቀድሞ የቅኔ ተማሪ፦ መጀመሪያ መጽሐፉን ይጨርስ። በ40 ገጽ ምን ፍርድ አለ?

ጠያቂው፦ እሺ አባቴ። ማታ ቀጠልኩ። ገጽ 43 ላይ ዝናብ ጣለ፤ ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም። የኔ ከጮቄ ነው የሚመጣው፤ መክፈቻዬ ባለበት ይቆያል። ሦስተኛውን ምዕራፍ ግን እንደገና ልጽፈው ነው፤ የለቅሶውን ነገር እሱ አሳምሮ በልጦኛል።