እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ሁለት ሴናተር ማግኘቱ ተገቢ ነውን?

ከዳላስ፦
ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ይያዝልኝ። የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫዎች የሚደለደሉት በሕዝብ ብዛት ሲሆን፣ ወደ ሴኔት ግን ክፍለ ግዛቱ ትልቅም ሆነ ትንሽ ሁለት ሰው ብቻ ይልካል። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ካሊፎርኒያ 39.5 ሚሊዮን፣ ዋዮሚንግ ደግሞ 577 ሺህ ገደማ ነዋሪዎች ነበሯቸው። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችን ሹመት የሚያጸድቀው ሴኔቱ ብቻ እንደመሆኑ፣ ይህን ያህል የተዛባ ሚዛን ፍትሐዊ ነው ለማለት እቸገራለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦
ወንድሜ፣ ስሌትዎ ትክክል ቢሆንም አገሪቱ እንዴት እንደተመሠረተች የዘነጉ ይመስለኛል። በ1787 ፊላደልፊያ ላይ የተሰበሰቡት ልዑካን የመጡት ራሳቸውን እንደ ሉዓላዊ ከሚቆጥሩ ግዛቶች ነበር፤ እንደ ዴላዌር ያሉት ትንንሾቹ እኩል ድምፅ ካላገኙ አንድነቱ አይጸናም ነበርና፣ አንዱ ምክር ቤት በሕዝብ ቁጥር፣ ሌላው በእኩልነት እንዲቆም በ5 ለ4 ድምፅ ተስማሙ። እንዲያውም የሕገ መንግሥቱ አምስተኛ አንቀጽ ማንኛውም ክፍለ ግዛት ያለፈቃዱ ይህን እኩልነት እንዳያጣ ይከለክላል። ተወካዩ በየሁለት ዓመቱ መራጩ ፊት ሲቆም፣ ሴናተሩ ስድስት ዓመት የሚያገለግለውም የዕለቱ ስሜት ሕግ እንዳይሆን ታስቦ ነው።

ከዳላስ፦
ይህ ክርክር እስከ 1913 ድረስ ያስኬዳል። እስከዚያ ሴናተሮችን የሚመርጡት የየክፍለ ግዛቱ ምክር ቤቶች ስለነበሩ (የእኛን የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት አመራረጥ ያስታውሳል) የግዛት እንደራሴ ሊባሉ ይችሉ ነበር። አሥራ ሰባተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ምርጫውን በቀጥታ ለሕዝብ ከሰጠ በኋላ ግን የአንዱ መራጭ ድምፅ ከሌላው በብዙ እጥፍ የሚከብድበትን ምክንያት ማስረዳት ይጠበቅብዎታል።

ከዋሽንግተን ዲሲ፦
ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለ ድምፅ ክብደት ነው፤ እኔ ግን የምኖርባት ዋና ከተማ ክፍለ ግዛት ስላልሆነች የሚመዘን ድምፅ እንኳ የለኝም። ዜጋ ነኝ፣ የፌዴራል ግብር እከፍላለሁ። ከኢስተርን አቬኑ ማዶ ሜሪላንድ ውስጥ የምትኖረው እኅቴ ሁለት ሴናተሮችንና አንድ ተወካይ ስትመርጥ፣ እኔ ሴናተር የለኝም፤ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት የምንልካት እንደራሴም በሕግ ማጽደቂያው የመጨረሻ ድምፅ መስጠት አትችልም። ፕሬዚዳንት መምረጥ እንኳ የተፈቀደልን በ1961 በጸደቀው ማሻሻያ ነው። በ2020ው ቆጠራ ግን ከተማችን 689 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራት፤ ከዋዮሚንግም ከቨርሞንትም ትበልጣለች። ክፍለ ግዛት እንድትሆን የተወካዮች ምክር ቤት በ2020ም በ2021ም ወስኖ ነበር፤ ጉዳዩ የቀረው ሴኔት ዘንድ ነው። ሁለት ሴናተር ሲጨመር የየራሳቸው ድርሻ የሚቀንስባቸው ሰዎች በገዛ ጉዳያቸው ዳኛ ሆነው ተቀምጠዋል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኅቴ፣ በዚህስ እውነትዎን ነው። ሆኖም መፍትሔው የግድ ሃምሳ አንደኛ ክፍለ ግዛት መፍጠር አይደለም። ኮንግረስ (ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድነት) በ1846 ባሳለፈው ሕግ ከፖቶማክ ወንዝ ወዲያ ያለው የዋና ከተማው ይዞታ ለቨርጂኒያ ተመልሷል። የመኖሪያ ሰፈሮቹም እንዲሁ ወደ ሜሪላንድ ቢመለሱ ድምፅዎን ያገኛሉ።

ከዋሽንግተን ዲሲ፦
ያ እንዲሆን የሜሪላንድ ፈቃድ ያስፈልጋል። እርስዎ የሜሪላንድ መራጭ ነዎትና ይንገሩኝ፤ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሆናችሁ የምትካፈሏቸውን ሁለት ሴናተሮች ለእኛም ለማካፈል ይስማማሉ?