የወፍ ጎጆ ጣፋጭ ሾርባ፦ ክሩ እየሟሟ አስቸገረኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቻይናዎች የሚወዱትን ጣፋጭ የወፍ ጎጆ ሾርባ ቤት ውስጥ የምትሠሩ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። ጎጆው ወፏ በምራቋ የምትሠራው ሲሆን፣ የደረቀው ምራቅ ክር ክር ይላል፤ እኔ ሳበስለው ግን ክሩ ሙሉ በሙሉ ይሟሟና እንደ ተልባ ውሃ የሚዝለገለግ ነገር ብቻ ይቀራል።

የተጠቀምኩት ከማሌዥያ የመጣ ነጭ ደረቅ ጎጆ፣ 10 ግራም ነው። ፍሪጅ ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ 5 ሰዓት ዘፈዘፍኩት። የቀረውን ደቃቅ ላባ ነጭ ሳህን ላይ በወረንጦ ለቅሜ፣ ክሩን በጣቴ በታትኜ በወንፊት አጠለልኩት። ከዚያ ክዳን ባለው የሸክላ ሳህን ከ300 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር አድርጌ፣ ሳህኑን የፈላ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አስቀምጬ አበሰልኩት። በ30 ደቂቃ አንዳንዱ ክር መሃሉ ገና ጠጣር ነበር፤ በ50 ደቂቃ ሁሉም ጠፋ። 20 ግራም ጠጠር ስኳር የጨመርኩት መጨረሻ ላይ ነው፣ ቀድሞ ከገባ ክሩ በደንብ አያብጥምና። ቀይ የቻይና ተምሩንም ለብቻው ቀቅያለሁ፤ አለዚያ ቀለሙ ነጩን ያበላሸዋል።

የምጠረጥረው እሳቱን ነው፤ የውጪው ድስት ውሃ ሙሉ ጊዜውን ሲንተከተክ ነበር። ከዚያ በላይ ግን የክሩ ውፍረት እኩል አለመሆኑ ያሳስበኛል። ጎጆው ግድግዳ ላይ የሚጣበቅበት ጥግ ወፍራምና ድፍን ስለሆነ፣ እሱ እስኪበስል ቀጭኑ ይሟሟል።

ጥጉን ለይታችሁ ነው የምትዘፈዝፉት? ስንት ሰዓት? ወይስ ቀድማችሁ እሳት ላይ ታደርጉትና ቀጭኑን በኋላ ትጨምራላችሁ? ለ10 ግራምስ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ በዝቶ ይሆን? የቀረኝ አንድ ጎጆ ብቻ ነው፣ ዋጋውን ታውቁታላችሁ።